ይህማ ማን ያቅተዋል?

በሰፈራችን ካለች አንዲት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ጽሑፎቼን ማሳተም ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ሦስት ገጽ ብቻ የቀረው ሥራ ይዤ ብሄድ፣ ፕሪንተሩ አላትምም ብሎ መብራቶቹን ያርገበግባል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ የማሽኑ አንድ ክፍል ዘመኑን ስለ ጨረሰ ጥገና ያሻዋል ይላል። ቀለሙ ሙሉ ነው፤ ወረቀትም አለ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት አጥርቶ ሲያትም ነበር። የቤቷ ሠራተኛ ጠጋኝ አስጠራች።

የመጣው ልጅ ማሽኑን ፈታታና ከሥሩ እንደ ፍራሽ የተነጠፈ፣ በጥቁር ቀለም የራሰ ስፖንጅ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይኸ የማሽኑ ሽንት ቤት ነው» አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። ቀለም እየረጨ የሚያትም ፕሪንተር ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች አሉት። ቀለም እንዳይደርቅባቸው ማሽኑ በየጊዜው ቀለም እየሳበ ያጥባቸዋል፤ የታጠቡበትም ቀለም ወደዚያ ስፖንጅ ይፈስሳል። ገንዘብ የተከፈለበት ቀለም ወረቀት ሳይነካ እዚያ ይቀራል ማለት ነው። ስፖንጁ ጢም ብሎ እንዳይፈስ ሠሪዎቹ ማሽኑን መቁጠር አስተምረውታል። ልብ በሉ፤ እንዲህ ባሉት ማሽኖች ውስጥ የስፖንጁን እርጥበት የሚለካ ነገር የለም። ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደ ታጠበ ይቆጥራል፣ ከቁጥሩ ተነሥቶ ይገምታል፤ ግምቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ ሥራ ያቆማል።

ልጁ ቁጥሩን በኮምፒዩተር ወደ ዜሮ መለሰው። ከዚያ ስፖንጁን አውጥቶ፣ ውዳቂው ቀለም በሚወርድበት አፍ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ቀጠለና ጫፉን ከባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከተተው። ይህን እንኳ ብዙ ጠጋኞች ያደርጉታል። የእሱ ግን ሌላም ነበረው። ሃይላንዱን ያስቀመጠው በሞላ ላይ በቆመች ትንሽ የቆርቆሮ መቀመጫ ላይ ነው። ቀለሙ ሲጠራቀም ጠርሙሱ ይከብዳል፤ ሞላው ይጫናል፤ መቀመጫዋ ዝቅ ብላ ሁለት ሽቦዎች ታገናኝና ቀይ አምፖል ይበራል። ማሽኑ በቁጥር የሚገምተውን ልጁ በክብደት መዘነው። (የሞላውን ሃይላንድ የት እንደሚደፉት ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር። ቦይ ውስጥ ነው።)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ያችን ነገር በስሜ ላስመዘግብ ፈልጌ ነበር፤ ማመልከቻውን ይጻፉልኝ» አለኝ። ምን አስቸኮለህ ብለው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ጠጋኝ የእሱን አይቶ ያንኑ እየሠራ በርካሽ መግጠም ጀምሯል።

ማመልከቻ መጻፍ አይከብደኝም። የከበደኝ ጥያቄው ነው። ቱቦ፣ ሃይላንድ፣ ሞላ፣ አምፖል፤ ከእነዚህ አንዱንም ልጁ አልፈጠረም። ታዲያ ሰው በእጁ ያገኘውን አገጣጥሞ «ይህ የእኔ ነው፤ ሌላው አይሥራው» ለማለት የሚያበቃው ምንድን ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1474 ባወጣችው ሕግ አዲስና ብልሃት ያለበት መሣሪያ የሠራ ሰው ለዐሥር ዓመት ብቻውን እንዲጠቀምበት ፈቅዳለች። «ብልሃት» የምትለው ነገር ከዚያ ወዲህ ዳኞችን ስታንገላታ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1851 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው የበር እጀታ ነበር። ከእንጨትና ከብረት ይሠራ የነበረውን እጀታ ከሸክላ የሠሩ ሰዎች ፓተንት ይዘው ነበርና ፍርድ ቤቱ ይህ የጎበዝ ባለሙያ እንጂ የፈልሳፊ ሥራ አይደለም አላቸው። የአውሮፓው የ1973 ስምምነት ደግሞ «በሙያው የተካነ» የሚባል አንድ ምናባዊ ሰው ለመለኪያ አቆመ። ይህ ሰው በሙያው የተጻፈውንና የተሠራውን ሁሉ ያውቃል፤ ከራሱ ግን አንዳች አያፈልቅም። (እንዲህ ያለ ሰው ከምናውቃቸው ምሁራን መካከል አይጠፋም።) ነገሩ ለእርሱ ግልጽ ከሆነ ፓተንት የለም።

ይህን ሰው ወደ ጽሕፈት ቤቷ ባመጣው ምን ይል ይሆን? ቱቦውንና ጠርሙሱን አይቶ ይስቃል። ስለ ሞላው ግን እንጃ። እኔ ራሴ መቀመጫዋን ባየሁ ጊዜ «ይህማ ማን ያቅተዋል» ብያለሁ። ነገር ግን ማሽኑ ዓመት ሙሉ ሲቆጥር ኖሮ ሲቆም መቁጠሩን በመመዘን መለወጥ ለእኔም ለሌላም አልታየንም። ካዩ በኋላ «ግልጽ ነው» ብሎ መፍረድ ትንሽ ሌብነት አለበት። ይሁንና ዕቃን በሞላ መመዘን የቆየ ጥበብ ነው፤ ልጁም ሥራውን ከማስመዝገቡ በፊት በየደንበኛው ቤት ገጥሞታል፤ አውሮፓ ቢሆን ይህ ብቻ አዲስነቱን ባጠፋበት። ስለዚህ ፓተንት የሚያገኝ አይመስለኝም አልሁት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን አዋጅ ቁጥር 123 ከፓተንት ዝቅ ያለ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባል ደንግጎ ነበርና፣ ለእርሱ አዲስ መሆንና በሥራ ላይ መዋል እንጂ የብልሃቱ ጥልቀት ስለማይጠየቅ፣ ብንሞክር በዚያ በር እንሞክር አልሁት።

ልጁ ተቆጣ። «ኩባንያዎቹ ስፖንጁን በፕላስቲክ ሣጥን ከትተው፣ ቺፕ ለጥፈው ሲሸጡ ፈጠራ ነው፤ እኔ ስሠራው ጥገና ነው?»

እውነቱን ነው። ዛሬ በብዙ ፕሪንተሮች ውዳቂው ቀለም የሚሄደው ባለቤቱ እየገዛ ወደሚቀይረው ሣጥን ነው። በቀለም ዕቃ ላይ የተነሣው ክርክር ታላላቅ ዳኞችን ሳይቀር አራርቋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለቀበትን የቀለም ዕቃ አጥቦ ሞልቶ መሸጥ የካኖንን ፓተንት ይጥሳል ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው ሌክስማርክ በተረታበት የቶነር ዕቃ ክርክር፣ ባለ ፓተንቱ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ በፓተንቱ ሊከለክል አይችልም አለ። ጉዳዮቹ በዝርዝር ቢለያዩም፣ እኔ ወደ አሜሪካው አደላለሁ። ለልጁ ጥያቄ ብዕሬ የሰነፈውም ስለዚሁ ነው። የኩባንያውን ማሽን ከፍቶ ስፖንጁን ያወጣው «የተገዛ ዕቃ የገዢው ነው» ብሎ ነው፤ አሁን ደግሞ ማዶ ያለውን ጠጋኝ በገዛ ቱቦው፣ በገዛ ሞላው አትሥራ ሊለው ነው።

«ያ ሰው ‹ከእሱ ተማርሁ› ብሎ ለደንበኛው ቢናገርልህ ይበቃህ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ዋጋ ካልሰበረብኝ» አለ።

ሕጉ ስምንና የመከልከል ሥልጣንን በአንድ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል፤ ለእኔ ሁለቱ ይለያያሉ። ያየውን ነገር እሱ እንዳየው ይታወቅለት ዘንድ ይገባዋል፤ ይህን የነፈገው ሰው በድሎታል። ሌላውን ሰው ከእንጀራው ማስነሣት ግን የብልሃቱን ያህል መሆን አለበት፤ ለአንዲት የቆርቆሮ መቀመጫ ያን ሁሉ ሥልጣን መስጠት ይከብደኛል። እንዲህ ስል ደግሞ አፍራለሁ። ለሐሳብ ስሙ ይበቃዋል የምንለው ብዙውን ጊዜ የወር ደመወዝ ያለን ሰዎች ነን፤ ልጁ እኅቱን የሚያስተምረው በዚያች ሞላ ነው። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት በጥብጦ በቀንድ ያስቀመጠውን የመጀመሪያውን የብራና ጸሐፊ ስም ማንም አያውቀውም፤ ይህንንም እንደ ደግነት ማውራት እንወዳለን። እርሱን የጠየቀው ግን የለም።

«ቱቦውን መቀጠል ማን አሳየህ?» አልሁት።

«ድሮ መርካቶ አብሬው የሠራሁ ሰው።»

«ስሙን እናስገባው?»

«የእሱ ቱቦው ነው። ሞላው የእኔ ነው።»

«ማዶ ያለውም ነገ አምፖሉን በደወል ቀይሮ እንዲሁ ይላል» አልሁት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየ።

በመጨረሻ ማመልከቻውን ጻፍሁለት። የእኔ ነው የሚለውን ከመቀመጫዋና ከመመዘኗ ሳላሳልፍ፣ ቱቦውንና ጠርሙሱን ለማንም ትቼ ነው የጻፍሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «እንዲህ ከሆነማ ያ ሰው በቱቦና በሃይላንድ ብቻ ይቀጥላላ?» አለኝ። አዎ አልሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ አስብበታለሁ ብሎ ሄደ።

ትናንት ይህን ጽሑፍ ላሳትም ስገባ ቀይዋ አምፖል በርታ ነበር። ሠራተኛዋ ሃይላንዱን በባዶ ቀየረችና ማተሟን ቀጠለች። ልጁ ወረቀቱን ያስገባው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ እሷም አልሰማችም።