ዋስና የዋስትና ወረቀት

በአገራችን በቈየው ልማድ ዋስ ማለት ሰው ነው። አንድ ሰው ገንዘብ ሲበደር ወይም ከዳኛ ፊት ቀርቦ ሲለቀቅ «ዋስ ጥራ» ይባላል፤ የሚጠራውም ከባለ ዕዳው የተለየ፥ ስሙና ቤቱ የታወቀ፥ ነገሩ ቢበላሽ በገዛ ከብቱ የሚከፍል ሌላ ሰው ነው። «ለራሴ ዋስ እኔው ነኝ» ብሎ የሚቀርብ ቢገኝ ሸንጎው ይሥቅበት ነበር። ዛሬ ግን ከስልክ ጀምሮ እስከ እርሻ መኪና ድረስ ከፋብሪካ የሚወጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ አንዲት ወረቀት አስከትሎ ይመጣል፤ ወረቀቲቱም «ዋስትና» ትባላለች። በእርስዋ ላይ ዋስ ሆኖ የተጻፈው ራሱ ሠሪው ወይም ራሱ ሻጩ ነው። እንግዲህ ሰው ለገዛ ቃሉ ራሱ ዋስ ሊሆን ይችላልን? ይህን የምንጠይቀው በቃል ለመጫወት አይደለም። የሹም ፊርማ፥ የመምህር የውጤት ወረቀት፥ የነጋዴ ማኅተም ሁሉ ከዚሁ ዓይነት ነውና፤ ሰጪው ስለ ሰጠው ነገር ራሱ ይመሰክራል።

ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ዕቃ እንያዝ። በአሜሪካ በመፀው ወራት አጋዘን ከሚያድኑት ሰዎች መካከል በጠመንጃ ፈንታ ባለ ቃታ ቀስት የሚይዙ አሉ። ይህ ቀስት እንደ ጠመንጃ ሰደፍና ቃታ ያለው፥ በፊቱ ግን ሁለት ክንፎች ግራና ቀኝ የተዘረጉለት ነው። በብዙዎቹ ዘንድ አውታሩን ስቦ ከቃታው ጋር ለማያያዝ 150 ፓውንድ፥ ማለት 68 ኪሎ ያህል፥ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ኃይል ያስፈልጋል። ቃታው ሲሳብ ያ የታመቀ ኃይል ወደ ፍላጻው ይተላለፋል። ፍላጻ ሳይኖርበት ቢለቀቅ ግን ኃይሉ መሄጃ ስለሚያጣ በክንፎቹና በአውታሩ ላይ ይመለሳል፤ ክንፉ ይሰነጠቃል፥ አውታሩ ይበጠሳል፥ ወይም ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ በውስጡ ያድራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ያለ ፍላጻ የተለቀቀውን ቀስት ከዋስትናው ውጭ ያደርጉታል። አውታሩም በአገልግሎት የሚያልቅ ነገር ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ አይካተትም።

አንድ አዳኝ ቀስቱን ከገዛ ከአንድ ዓመት በኋላ አንደኛው ክንፍ ተሰንጥቆ አገኘው እንበል። ደረሰኙን ይፈልጋል፥ ለፋብሪካው ይደውላል፥ ቀስቱንም በሣጥን አሽጎ ይልካል። አብሮ በሚሄደው ቅጽ ላይ «ያለ ፍላጻ ተለቅቆ ያውቃልን?» የሚል ጥያቄ ይገኝበታል እንበል። በዚህ ጊዜ የነገሩ እውነት ለሁለት ተከፍሏል። ክንፉ በምን ሙጫ እንደ ተጣበቀ፥ በዚያ ሳምንት ከተሠሩትም መካከል ስንቱ ተሰንጥቆ እንደ ተመለሰ የሚያውቀው ፋብሪካው ነው። አንድ ቀን ማለዳ በጓሮ አንድ ወዳጅ ለጨዋታ ቃታውን ስቦት እንደ ሆነ የሚያውቀው ደግሞ አዳኙ ነው። ስንጥቁ ራሱ አይናገርም። ባለሙያ ቢመረምረው አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱን ያገኘዋል፥ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ ዋስትና፥ እኩሌታ እኩሌታውን እውነት የያዙ ሁለት ወገኖች ሳይተያዩ የሚገናኙበት ስፍራ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፥ በሦስተኛው ክፍል፥ ይህን የሚመስል ክርክር አንሥቷል። አንድ ሰው ቤቱን ይሸጣል፤ ቤቱ ጤና የሚነሣ፥ በየመኝታ ክፍሉ እባብ የሚወጣበት መሆኑን ግን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብሎ ቢሸጠው በደለ ወይስ አልበደለም? የባቢሎኑ ፈላስፋ ዲዮጌኔስ፥ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ከተናገረና ካላታለለ በቂ ነው ይላል። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ግን ገዢውን ሳያውቅ ወደ ጉዳት እንዲገባ መተው መንገድ ለጠፋው ሰው መንገዱን አለማሳየት ነው ብሎ ይከራከረዋል። ሲሴሮም ዝምታው በደል ነው ብሎ ፈርዷል። ይህ ሁሉ የሻጭን ዝምታ የሚመለከት ነው። እኛ ግን የገዢውም ዝምታ በዚያው ሚዛን መመዘን አለበት እንላለን። በቅጹ ላይ ያለውን ጥያቄ ባዶ ትቶ የሚያልፍ አዳኝ እባቦቹን ከደበቀው ባለ ቤት በምን ይሻላል?

«ፋብሪካው ሀብታም ነው፤ የሐሰት አቤቱታ እንደሚመጣበት አስቀድሞ አስቦ በዋጋው ላይ ጨምሮታል፤ እኔ የምወስደው የከፈልሁትን ነው» የሚል ይኖራል። አነጋገሩ የብልህ ይመስላል። ነገር ግን የተጨመረውን ዋጋ የከፈለ እርሱ ብቻ አይደለም፤ በራሱ እጅ ያበላሸውን ቀስት በራሱ ገንዘብ የሚያሠራው ጎረቤቱም ከፍሎታል። ከዚህ የሚከፋም አለ። በፋብሪካው ውስጥ ሣጥኖቹን የሚከፍተው ሠራተኛ በየቀኑ ሐሰት ሲያነብ የሚውል ከሆነ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እውነተኛውን ደብዳቤ ከሐሰተኛው ለይቶ ማንበብ ይሳነዋል። አንድ ገጽ የነበረው ቅጽ ሦስት ገጽ ይሆናል፤ ደረሰኝ፥ ከዚያም ፎቶግራፍ፥ ከዚያም ምስክር ይጠየቃል። (በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ቅጽ መብዛት የምናማርር ሁላችን ቅጹን ከሚያረዝሙት ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን ብናስብ አይጎዳንም።)

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በአዳኙ ጫንቃ ላይ ብንጥል ፍርዳችን ይጎድላል። ስንጥቁ የማይናገር መሆኑ ለፋብሪካውም ይመቸዋል። «ያለ ፍላጻ ለቅቀኸዋል» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ አዳኙ አለመልቀቁን የሚያስረዳለት ምስክር ከወዴት ያመጣል? ያልሆነውን ነገር አልሆነም ብሎ ማስረዳት እጅግ ጭንቅ ነው። በዚህ ላይ ሁለቱን እኩል አድርጎ መመልከት ልክ ሆኖ አይታየንም። አዳኙ የሚያውቀው አንድ ቀስት ነው፤ ፋብሪካው ግን የብዙ ቀስቶችን ታሪክ ያውቃል። ከአንድ ዓይነት ክንፍ ስንጥቅ በስንጥቅ ላይ ሲመለስለት፥ ገና ያልተሰነጠቁት በማን ፊት አጠገብ እንዳሉ አስቦ፥ አቤቱታ ሳይጠብቅ ገዢዎቹን ማስጠንቀቅ ይገባዋል። የታመቀ ኃይል የያዘ ክንፍ ሲሰበር ስብርባሪው ሰውን ሊያቈስል ይችላልና። ተመርምሮ ጥርጥር በቀረ ጊዜም ጥርጥሩን ብዙ የሚያውቀው ወገን ይሸከመው እንላለን። በዚህ አንዳንድ ሐሰተኛ ያለ ዋጋ ክንፍ ያገኛል። እውነተኛው ባዶ እጁን ከሚመለስ ግን ይህ ይሻላል።

ስለ ቀስትና ስለ ሠሪው ኃላፊነት ከተናገርን የቻይናን የጥንት ሥራ ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። እ.ኤ.አ. በ1974 በሺአን ከተማ አጠገብ በተገኘው በመጀመሪያው የቺን ንጉሠ ነገሥት የሸክላ ሠራዊት መካከል ከነሐስ የተሠሩ የቀስት ቃታዎች ወጥተዋል። በዚያው ከተገኙት የጦር መሣሪያዎች በአንዳንዶቹ ላይ የሠራው ሰው ስምና የበላዮቹ ስም፥ እስከ ታላቁ ሚኒስትር እስከ ሉ ቡዌይ ድረስ፥ ተቀርጾ ይነበባል፤ ይኸውም ሥራው ቢጓደል ተጠያቂው እንዲታወቅ ነው። የቺን ሕግ ጨካኝ ነበረና ሥርዓቱን አንመኘውም። ሆኖም ዕቃው የሰው ስም ነበረበት። የዛሬው ወረቀት የኩባንያ ስም ብቻ ነው ያለበት፤ በስልክ የሚመልሰው ሰው ቀስቱን አይቶት አያውቅም፤ የሠራው እጅም በሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ዋስ የሚሆነው ሰው ቃሉ ቢፈርስ የሚያጣው ከብትና የሚያፍርበት ጎረቤት ነበረው። ለራሱ ዋስ የሚሆነውም እንዲሁ የሚያጣው ነገር ካለው ዋስትናው ዋስትና ነው፤ ከሌለው ግን ማስታወቂያ ነው።

ሕግም ይህን የሚያጣውን ነገር ሊፈጥርለት ሞክሯል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1916 የኒው ዮርክ የበላይ ፍርድ ቤት፥ ዳኛ ካርዶዞ በጻፈው ፍርድ፥ የእንጨት መንኮራኩሩ ተሰብሮ ለተጎዳ የመኪና ባለቤት፥ መኪናውን ከነጋዴ እንጂ ከፋብሪካው ባይገዛም፥ ፋብሪካው ተጠያቂ ነው ብሏል። በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግም የጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ሁሉ ሰው በሚያስተውለው ቋንቋ እንዲጽፍ፥ ዋስትናው «ሙሉ» ወይም «የተወሰነ» መሆኑንም እንዲገልጽ አስገድዷል። ሙሉ የተባለው ዘመኑ እስኪያልፍ ድረስ ዕቃው ወደ ሌላ እጅ ቢተላለፍም ይከተለዋል። የአደን ቀስት ዋስትና ግን ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ አባት ቀስቱን ለልጁ ቢሰጠው ቃሉ ከአባትየው ጋር ይቀራል። ክንፉ ያው ክንፍ ሆኖ ሳለ እጅ በመለወጡ ጉድለቱ የሠሪው መሆኑ የሚቀረው ስለ ምንድር ነው? ኩባንያው «የሁለተኛውን ሰው አያያዝ አላውቅም» ይላል። የመጀመሪያውንስ መቼ አየው?

ከወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሌላው ነገር ቀኑ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የቀስት አደን በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ይከፈትና ብርዱ ሲበረታ ይዘጋል። በኦክቶበር የላከው ቀስት አዲስ ክንፍ ተደርጎለት፥ አደኑ ከተዘጋ በኋላ፥ በየካቲት ቢመለስለት ፋብሪካው የጻፈውን ሁሉ ፈጽሟል፤ የሚወቀስበት አንድ መስመር እንኳ በወረቀቱ ላይ አይገኝም። አዳኙም ሣጥኑን ከፍቶ፥ ክንፉን በጣቱ ዳስሶ፥ ደኅና መሆኑን ካየ በኋላ በግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል።