አጥሩን ከውስጥ ሆነህ እየው

ልጄ፣ በረት ልትሠራ እንጨቱንና ሽቦውን አራግፈህ ሳይ ደስ ብሎኛል። ቅድም ግን ስታሳየኝ ሁለታችንም የቆምነው ከውጭ ነበር። «ጋሼ፣ ጅብ በዚህ በኩል ዝር አይልም» ስትለኝ ዝም ያልኩህ ሠራተኞችህ ፊት ልነቅፍህ ስላልወደድኩ ነው። አሁን ብቻችንን ነንና ልንገርህ፦ የሠራኸው የጅብ አጥር ነው፤ የከብት አጥር ገና አልሠራህም።

ጅብ ጥሩ አጥር ሰብሮ ሲገባ በዕድሜዬ እምብዛም አላየሁም። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይባል የለ? ዙሪያውን ይዞራል፣ ያሸታል፣ ይጮኻል፤ ነፋሱ ጠረኑን ወደ በረቱ ያደርስለታል። ከብቱ ይደነግጥና ተገፋፍቶ አንድ ወገን ላይ ይከመራል። አጥሩን የሚጥልልህ ያው የገዛ በሬህ ነው።

እኔ እርጉዝ ጊደሬን ያጣሁት እንዲህ ነው። ሰኔ ላይ አንዱ ቋሚ ሲወዛወዝ አየሁና፣ ነገ እተክለዋለሁ ብዬ በአሮጌ ጠፍር አሰርኩት። ሌሊት ግርግር ሰምቼ ፋኖስ ይዤ ስወጣ አጥሩ ተኝቷል፤ የተኛው ወደ ውጭ ነው። ጅቡ ጥሶት ቢሆን ወደ ውስጥ በወደቀ ነበር። ጠዋት ከወንዙ ዳር ያገኘነው ቀንዷንና ሰኮናዋን ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብላ ባለቤቴ የተረተችብኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ማገሩን አስነቅለው። አንተ ያስመታኸው ከውጭ በኩል ነው፤ ለመንገደኛ ዓይን ያምራል። በሬ ሲደገፈው ግን የሚይዘው ሚስማሩ ብቻ ነው፣ ሚስማር ደግሞ እየላላ ይወጣል። ከውስጥ በኩል ቢመታ ከብቱ በገፋ ቁጥር ማገሩ ቋሚው ላይ ይጣበቃል። በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ሲገፉት ይብስ ይዘጋል። ጥግም አታብጅለት፣ ክብ አድርገው። በግ ሲደነግጥ ጥግ ይወዳል፤ ከታች የዋለችው ታፍና ታድራለች።

ቋሚህ ባህር ዛፍ ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ አገሩን የሞላው ይሄ ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ቀጥ ብሎም ያድጋል፤ ምስጥ ግን ይወደዋል። ዕድሜ የሚሰጠው ጽድና ወይራ ነበር፤ ዛሬ እሱን መቁረጥ ያስጠይቃል፣ ባያስጠይቅም የተረፈችን ጥቂት ናት። ባህር ዛፉን ልጠህ አድርቀው፤ መሬት የሚገባውን ወገን ከጋራዥ የሚገኘውን የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ከውሃ ጉድጓዱ ራቅ ብለህ። የቋሚው ጉድጓድ 60 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፣ የበሩ ቋሚዎች እስከ 80። ልጆቹ አፈሩን ባንዴ ሞልተው ላዩን ብቻ ሲረግጡ አይቻለሁ፤ ላዩ ይጠነክራል፣ ሥሩ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። አንድ ስንዝር አፈር ጨምረህ በመቆፈሪያው ጀርባ ውቀጠው፣ ሌላ ስንዝር ጨምረህ ደግሞ ውቀጠው። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ።

እሾሁ ከውጭ ይሁን። የግራሩን ቅርንጫፍ ስትደረድር ጉቶው ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይዙር። ክፍተት ስታይ ከውስጥ ሆነህ ጉቶውን ሳብ ስታደርገው ይደፈናል፤ ከውጭ የመጣ ግን የሚይዝበት የለውም። ሳይደርቅ በርጥቡ የሚባለውም ለነገር ብቻ አይደለም፤ የደረቀ እሾህ አልተኛ ብሎ ይሰበርብሃል። የገዛኸውን የእሾህ ሽቦ ለማሳህ ዳር አድርገው። በረት ውስጥ የደነገጠች ላም ጡቷን ትቀድበታለች።

መንዝ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልልህም። እዚያ እንጨት ብርቅ ነው፣ ድንጋዩን ይክቡታል፣ ካብ ደግሞ ምስጥ አያውቅም። እኛ ወይና ደጋዎች ግን ቅንጭብ ታድለናል። በውጭ በኩል ትከልበት። ቆርጠህ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን አቆየው፣ ክረምት ሳይገባ ትከለው። ወተቱ ዓይን ያጠፋልና ልጆቹን አስጠንቅቃቸው።

ደግሞ ጅብ ብቻ አይደለም የሚያስጨንቀው። ጥቅምት ሲመጣ አጥሩ ማዶ የጎረቤትህ ጤፍ ያሸታል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ብለን የምንተርትበት በሬ፣ ማታ ጭድ ሳይቀምስ ከተዘጋበት እንኳን ማገር ግድግዳም ይገፋል። አጥርህን ከመውቀስህ በፊት ግርግሙን እየው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እያንዳንዱን ቋሚ ከውስጥ ሆኜ በትከሻዬ ገፍቼ ነው የማየው። እስከዚያ ልጆቹ ማገሩን ይንቀሉት። ሚስማሩን እንዳይጥሉት፤ በመዶሻ ያቃኑትና መልሰው ይምቱበት፣ ዋጋው አይቀመስም።