መብላት ግዴታ ሲሆን

ሰው ግዴታ ከቦት እየኖረ ነጻ ፈቃድ አለው ማለት ይቻላል ወይ? ጥያቄው ያረጀ ነው፤ ሃይማኖተኛውም ፈላስፋውም ተከራክሮበታል። አንዱ ወገን ሁሉም ነገር ግንባር ላይ ተጽፎ ያለቀ ነው ይላል፤ ሌላው ነጻነት ማለት የሚያስገድድ ነገር አለመኖሩ ነው ብሎ ይመልስለታል። የማይስማሙ ይመስላሉ እንጂ ግዴታ ባለበት ነጻነት የለም በሚለው ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔ የምጠራጠረው ይህንኑ የጋራ እምነታቸውን ነው፤ ለዚህም ከትልቁ ሰሌዳ ዳማ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በየሰፈሩ በቆርኪ የሚጫወቱትን ዳማ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዓለም አቀፉ ውድድር የሚካሄድበት ሰሌዳ ግን 10 በ10 ነው፤ ጨዋታው በ50ዎቹ ጥቁር ቤቶች ላይ ብቻ ይካሄዳል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 20 ጠጠር ይዞ ይጀምራል። ተራ ጠጠር የሚራመደው ወደ ፊት ብቻ ሲሆን ሲበላ ወደ ኋላም ይበላል። የነገሠ ጠጠር መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ በሰያፍ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ከሁሉ የሚከብደው ሕግ ግን የመብላት ግዴታ ነው። የሚበላ ካለ ይበላል፤ መንገዱ ከአንድ በላይ ከሆነ ብዙ ጠጠር የሚገኝበትን መያዝ ግድ ነው። የሚታየው ቁጥር እንጂ ማዕረግ አይደለም፤ በአንድ በኩል የባላጋራው ንጉሥ፣ በሌላ በኩል ሁለት ተራ ጠጠሮች ቢቀርቡለት፣ ተጫዋቹ ንጉሡን ትቶ ሁለቱን ይበላል። አልፈልግም ማለት አይችልም።

ጀማሪ ይህን ሕግ በደንብ የሚያውቀው ሲጎዳው ነው። አንድ ጠጠር ይሰጡታል፣ ይበላል፤ ሌላ ይሰጡታል፣ አሁንም ይበላል፤ ከዚያ ባላጋራው በአንድ እርምጃ አራት አምስት ጠጠር ጠራርጎ ሲነግሥ፣ የገዛ ጠጠሮቹ የቆሙበትን ቦታ ሁሉ ሌላ ሰው እንደመረጠለት ይገባዋል። ለውድድር የሠለጠነ ተጫዋች ስሌቱን የሚጀምረው ከዚሁ ግዴታ ነው፤ «ይህን ብሰጠው ምን ለማድረግ ይገደዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ባላጋራው ያሻውን ማድረግ ቢችል ኖሮ ከሁለት ሦስት እርምጃ በላይ አርቆ ማየት እጅግ በከበደ ነበር። መገደዱ ነው ዕቅድ የሚያስወጣው። በጣም የማደንቀው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ የተበሉት ጠጠሮች ከሰሌዳው የሚነሡት የመብላቱ ጉዞ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዱን ጠጠር ሁለት ጊዜ መዝለልም ክልክል ነው። ስለዚህ አራት ጠጠር እየዘለለ የሚሄድ ንጉሥ፣ ገና ባልተነሣ፣ አስቀድሞ በበላው ጠጠር መንገዱ ሊዘጋበት፣ እዚያው ቆሞ ሊበላም ይችላል። ጀማሪው እያማረረ የሚያጠናውን ይህን ደንብ፣ የበቁት ተጫዋቾች እጅግ ውብ ለሆኑት ጥቃቶቻቸው ይጠቀሙበታል።

ፈላስፋው ስፒኖዛ ነጻነትና ግዴታ ጠላቶች አይደሉም ብሎ ተከራክሯል፤ እስከዚያ ድረስ እስማማለሁ። ግዴታን መረዳት ብቻውን ግን አይበቃም፤ መረዳቱ የመጣበት ሰዓት ወሳኝ ነው። የሚበላው ጠጠር ፊቱ ከቆመ በኋላ ተጫዋቹ ምንም ያህል ቢረዳ ምርጫ የለውም። ምርጫ የነበረው ከሦስት እርምጃ በፊት፣ ምንም የሚያስገድድ ነገር ሳይታይ፣ ሰሌዳው ጸጥ ብሎ ሳለ ነበር። የመጽሐፈ መነኮሳት መምህራንም ፈተናን ገና ሐሳብ ሳለ መቋቋም እንደሚገባ አጥብቀው የሚያስተምሩት ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ቁጣው ከገነፈለ፣ ሱሱ ሥር ከሰደደ በኋላ «ነጻ ፈቃድህ የት አለ?» ብሎ ሰውን መጠየቅ ጥያቄውን ያለ ቦታው ማንሣት ነው።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ የተወሰነ ከሆነስ? ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ሼፈርና ባልደረቦቹ ትንሹ፣ 8 በ8 የሆነው የእንግሊዞች ዳማ ሁለቱም ወገኖች ካልተሳሳቱ እኩል ለእኩል እንደሚያልቅ በ2007 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር አረጋግጠዋል። ትልቁ ሰሌዳ እንደዚያ ተፈትቶ አላለቀም፤ ይሁንና ነጻነትን ባለማወቃችን ላይ ማቆም ደካማ ክርክር ስለሆነ አልጠጋበትም። ይልቅስ ማረጋገጫው ምን እንዳለ እንይ፦ ሕጉ ለማንም ሽንፈት አልደነገገም አለ። የሒሳብ መምህርና ሰባኪ የነበረው ማሪዮን ቲንስሊ በ1992 ለንደን ላይ ከሼፈር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር በዚሁ ትንሹ ዳማ ገጥሞ አራት ጊዜ አሸነፈ፣ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ፣ 33 ጊዜ እኩል ወጣ። እነዚያ አራቱና ሁለቱ ከሕጉ የመጡ አይደሉም፤ ተጫዋቾቹ የሠሯቸው ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ግዴታ ነጻነትን ይወልዳል የሚል ትምህርት ለጨቋኝ ይመቻል፤ «ታገሥ፣ በታሰርክበት ውስጥ ብልኃት ፈልግ» ለማለት ያገለግላል። ሴኔጋላዊው የትልቁ ሰሌዳ ተጫዋች ባባ ሲ ለዚህ ምስክር ነው። በ1963 ከሶቪየቱ ኢሰር ኩፐርማን ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሊገጥም የነበረው ግጥሚያ ሳይካሄድ ቀረ። ባባ ሲ በ1978 ሞተ፤ የ1963 የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ የታወቀለት በ1986 ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ግዴታ ሁለቱንም ተጫዋቾች እኩል ይይዛል፣ ጠጠር ከመነካቱ በፊት የታወቀ ነው፣ መሐል ላይም አይለወጥም። አርቆ ማየት የሚቻለው እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉ ነው። አንዱን ወገን ብቻ የሚይዝ፣ ወይም ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የሚወጣ ትእዛዝ እዚህ የተከራከርኩለት ዓይነት ግዴታ አይደለምና በእሱ ሥር ላለ ሰው ትዕግሥትን አልመክርም። ባባ ሲ ያን ግጥሚያ እንዲካሄድ ሊያደርግ የሚችልበት እርምጃ ከ50ዎቹ ቤቶች በአንዱም ላይ አልነበረም።