ጧሪ ከቀባሪ ይቀድማል

ሐምሌ 19 ለእኛ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው፤ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላ ጋን የወጡበት። ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ሻኮፒ ያለው የካቶሊክ ቁምስና ደግሞ በዚያው ዕለት፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 26፣ የተሰየመባቸውን የጌታን አያቶች፣ የቅዱስ ኢያቄምንና የቅድስት ሐናን በዓል ያከብራል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2021 የአያቶችና የአረጋውያን ቀን እንዲከበር ሲወስኑ የሐምሌውን እሑድ የመረጡት ይህን በዓል አስበው ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ይህ በዓል ከአንድ ከባድ ክርክር ጋር ይገጥማል። በማይድን በሽታ ተይዞ ስድስት ወር አይቆይም የተባለ ሰው ሐኪም ባዘዘለት መድኃኒት ሕይወቱን እንዲያበቃ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ በ2024 በስቴቱ ምክር ቤት አከራክሮ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ደጋፊዎቹን ጨካኞች ማለት ግፍ ነው፤ ብዙዎቹ የሚወዱትን ሰው ስቃይ አልጋው አጠገብ ቆመው አይተዋል። ቤተ ክርስቲያንም ሰው በመሣሪያ እየተጎተተ ይኑር አትልም። ጥቅሙ ያለቀና ሕመምተኛውን የሚያስጨንቅ ሕክምና ቢቀር ትፈቅዳለች፤ የሕመም ማስታገሻንም ትደግፋለች። የማትቀበለው ሞት ራሱ እንዲታዘዝ ነው።

እንዲህ ያለው ሕግ ከ1997 ጀምሮ በሚሠራባት ኦሪገን፣ መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች ስጋት በየዓመቱ ይመዘገባል። ከሕመም ስቃይ ይልቅ በብዛት የሚጠቀሰው በራስ ማዘዝ አለመቻልና ለቤተሰብ ሸክም መሆን ነው።

ይህን ሸክም እኛም እናውቀዋለን። ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ፤ ጧሪው ይቀድማል። እኛ በስደት ቀባሪነቱን ተክነንበታል። እድር አለን፤ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት ገንዘብ እናዋጣለን። ጧሪነቱ ግን ከብዶናል። ስንቶቻችን ቀኑን የሰው እናት ስናጥብና ስናጎርስ ውለን፣ ማታ የገዛ እናታችንን ቋንቋውን በማታውቀው ቴሌቪዥን ፊት ብቻዋን ውላ እናገኛታለን? ለወቀሳ አይደለም፤ የቤት ኪራይ በሁለት ፈረቃ ነው የሚከፈለው። እናትን አረጋውያን መንከባከቢያ ማስገባትም ኃጢአት አይመስለኝም፤ ኃጢአቱ አስገብቶ መርሳት ነው።

በትውፊቱ የጋኑን ፍላት አይታ የፈራችው ኢየሉጣ ነበረች፤ ያበረታታት የሦስት ዓመት ልጇ ነው። ልጁ እሳቱን ማጥፋት አልቻለም። አብሯት ገባ።

ስለዚህ ረቂቁን መቃወም ብቻውን አያጸድቀንም። እናቲቱን «አትሙቺ» ብለን ብቻዋን ከተውናት፣ ሕጉ ሊላት የነበረውን እኛ በዝምታ እንላታለን። ሸክም ሆንኩባችሁ ስትልም «ኧረ በፍጹም» ማለት አይበቃም፤ እንደማይቀል ታውቃለች። እኔ ብሆን እንዲህ እላታለሁ፦ «አዎ፣ ትከብጃለሽ። እኔም እከብድሽ ነበር፤ አዝለሽ አሳደግሽኝ። አሁን ተራው የእኔ ነው።»