የመንግሥት ብድር የማን ገንዘብ ነው?

በወላይታ ሶዶ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ወንድም አለ፡፡ ከዓመታት በፊት ከሌሎች አራት ወጣቶች ጋር ተደራጅቶ ከወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ብድር ወሰደ፡፡ ዛሬ ከአምስቱ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፡፡ አንደኛው አዲስ አበባ ገብቷል፡፡ ሌላው በኬንያ በኩል ደቡብ አፍሪካ ተሻግሯል፡፡ ሦስተኛው በጋራ የተገዛውን የብየዳ ማሽን ሸጦ ስልክ አያነሳም፡፡ አምስቱም አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነው ስለ ፈረሙ ዕዳው በቀሩት ትከሻ ላይ ወድቋል፡፡ ይህ ወንድም ስንገናኝ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፡- «ወለድ ያለበት ውል በመፈረሜ አጥፍቻለሁ፤ ተውበት አድርጌያለሁ፡፡ ታዲያ በሐራም ውል የመጣ ዕዳ የመክፈል ግዴታ አለብኝን? ደግሞስ የመንግሥት ገንዘብ አይደለም እንዴ?»

እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፡፡ ይሁን እንጂ ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ በዝምታ የሚታለፍ አልመሰለኝም፡፡ ከመጨረሻው ልጀምር፡፡

ፈንዱ እንዴት እንደ መጣ እናስታውስ፡፡ በ2008 ዓ.ም. የተቀጣጠለው የወጣቶች ተቃውሞ አገሪቱን ካናወጠ በኋላ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ማግስት፣ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ለምክር ቤቶቹ ባሰሙት ንግግር 10 ቢሊዮን ብር ለወጣቶች እንደሚመደብ ገለጹ፡፡ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 995/2009 ፈንዱ ተቋቋመ፤ ገንዘቡም በየክልሉ የብድር ተቋማት፣ በደቡብ በኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ በኩል ይሰጥ ጀመር፡፡ አመጣጡ እንዲህ ስለ ነበረ ብዙው ወጣት ገንዘቡን እንደ ብድር ሳይሆን እንደ ዝም ማሰኛ ተቀበለው፡፡ የሰጠውም ወገን ከዚህ ጥፋት ነፃ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ በችኮላና በፍርሃት የተሰጠ ገንዘብ ተቀባዩን ስለ አመላለሱ አያሳስበውም፡፡ አሁን ደግሞ አዲስ ምክንያት ተገኝቷል፡፡ የደቡብ ክልል ፈርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ኦሞም ባንክ ሆኗል፡፡ «ያበደረን ክልል ከሌለ ለማን እንክፈል?» የሚል ቀልድ አዘል ክርክር በሻይ ቤት ሰምቻለሁ፡፡

ወላይታ ለዚህ መልስ የሚሆን የራሱ ልማድ አለው፡፡ ለጊፋታ በዓል አባወራው ለበሬው፣ እማወራዋ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፡፡ ለቅርጫው በሬ ዕቁብ የገባ ሰው ክፍያውን ማጉደል ያሳፍረዋል፤ ያጎደለው የማን እንደ ሆነ ያውቀዋልና፡፡ ጎረቤቱ በበዓሉ ቀን ሥጋ ሲያጣ በዓይኑ ያየዋል፡፡ የመንግሥት ገንዘብ ግን እንዲህ የሚታይ ጎረቤት የለውም፡፡ ለመሆኑ በእውነት የለውም? ፈንዱ ተዘዋዋሪ የተባለው የመጀመሪያው ሲመልስ ሁለተኛው እንዲወስድ ነው፡፡ ሁለተኛው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ አስፋልት ዳር የሊስትሮ ሳጥኑን ይዞ የተቀመጠው የወላይታ ልጅ ነው፡፡ የብየዳ ማሽኑን የሸጠው ወጣት መንግሥትን የጎዳ መስሎት ይሆናል፤ የሸጠው ግን የዚህን ልጅ ተራ ነው፡፡

ወደ ሐራሙ ነገር እንመለስ፡፡ ሱረቱል በቀራ ወለድን አጥብቆ በከለከለበት በዚያው ስፍራ፣ ከወለድ ለታቀበ አበዳሪ ዋናው ገንዘቡ የራሱ መሆኑን ያጸናል፡፡ እንግዲህ የወለዱ ክልከላ ዋናውን ለመብላት ፈቃድ አይሆንም፡፡ አገሪቱ ሕግ የምታስፈጽመውን ወለድ እንዴት ያድርገው የሚለውን ለዑለማ እተዋለሁ፡፡ አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ በ2009 ዓ.ም. የተወሰደ ብር ዛሬ ያንኑ ያህል ሲመለስ የሚገዛው ብረት እጅግ ጥቂት ነው፡፡ ወለድን የምንቃወም ወገኖች ይህን ጉድለት እንዳላየ ማለፍ አይገባንም፡፡

በእርግጥ መንግሥትም የሚጠየቅበት አለ፡፡ 10 ቢሊዮኑ የተሰበሰበው ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ነው፤ ወለድ የማይወስደው ወጣት ግን ከደጃፉ ተመለሰ፡፡ አማራጭ አልነበረም እንዳይባል የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከወለድ ነፃ ለሆነ አገልግሎት በር ከፍቶ ነበር፡፡ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ባዘጋጀው የሊዝ ፋይናንስ ደንበኛው 20 በመቶ አዋጥቶ፣ ባንኩ 80 በመቶ ሸፍኖ ማሽኑን ገዝቶ ያከራያል፡፡ ኪራዩ በወለድ ስሌት ባይታሰብ ኖሮ ከእኛው ኢጃራ ጋር የሚቀራረብ አሠራር ነው፡፡ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የፈንዱ ገንዘብ አብዛኛው ተሰጥቶ አልቆ ነበር፡፡ ሆኖም በደል የደረሰበት ከደጅ የተመለሰው ነው፤ ፈርሞ የወሰደው ይህን በደል ላለመክፈል ምክንያት ሊያደርገው አይችልም፡፡

እጅግ የከበደኝ የዋስትናው ጉዳይ ነው፡፡ ይህ ወንድም ከአራቱ ሁለቱን ያወቃቸው በምዝገባው ቀን ነበር፤ ቁጥር ለመሙላት ተሰበሰቡ፡፡ መያዣ የሌለው ድሃ ያለ ዋስ ብድር እንደማያገኝ ይገባኛል፡፡ ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ዋስትና የሚቀጣው ማንን ነው? የሸሸው አይገኝም፤ ታማኙ አድራሻው ይታወቃል፡፡ በኢስላም ዋስ የሆነ ሰው ተጠያቂ ነው፡፡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ዲናር ዕዳ ትቶ በሞተ ሰው ላይ ከመስገድ ተቆጥበው፣ የሰገዱት አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ ከወሰደ በኋላ እንደ ነበር ይታወቃል፡፡ አቡ ቀታዳ ግን ዕዳውን የተሸከመው ወዶ ነው፤ መጠኑንም ያውቀው ነበር፡፡ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠትም የቁርኣን ትእዛዝ ነውና፣ አበዳሪው መክፈል እየቻለ የሚያጓትተውንና ሠርቶ ያልሞላለትን በአንድ ዝርዝር ማስፈር የለበትም፡፡

ይህን ሁሉ ነገርኩት፡፡ «ዋናውንስ እከፍላለሁ» አለና ከመሣቢያው አንድ ደብተር አወጣ፡፡ በሦስቱ ስም ሦስት ገጽ ከፍቶ፣ ስለ እያንዳንዳቸው የከፈለውን ከነቀኑ መዝግቧል፡፡ የደቡብ አፍሪካው ገጽ እየሞላ ነው፡፡

«ሲመለስ አሳየዋለሁ» አለኝ፡፡ ባይመለስስ ብዬ ልጠይቀው ስል መብራት መጣ፤ መነጽሩን አጥልቆ ወደ ብየዳው ተመለሰ፡፡