ያረጀች ድመትና የባለቤቷ ዕዳ

ድመት 10 ዓመት ካለፋት በኋላ ብዙ ጊዜ ጠባይዋ ይለወጣል። ወደ ቆጥ መዝለልን ትተዋለች፤ ውሃ መጠጣት ታበዛለች፤ ትከሳለች፤ ከለመደችው ስፍራ ውጭ ትሸናለች፤ ሌሊትም ትጮኻለች። ባለቤቷ ግን «ዐመሏ ከፋ» ብሎ በዱላ ያባርራታል። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ ውሃ ማብዛትና መክሳት ብዙ ጊዜ የኵላሊት ሕመም ምልክት ነው፤ መዝለልን መተዋ ከመገጣጠሚያ ሕመም፥ ምግብ መተዋም ከጥርስ ቍስል ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ ኀጢአት ፈቃድን ይሻል፤ ለድመት ግን ሕግ አልተሰጣትም፤ ሕመሟን የምትናገርበትም አንደበት የላትም። ስለዚህ ደዌን እንደ በደል ቈጥሮ መቅጣት ፍርድን ማጣመም ነው።

«አይጥ ካልያዘች ምን ትጠቅማለች?» የሚል ቢኖር፥ ጎተራችንንና የብራና መጻሕፍታችንን ስትጠብቅ ያረጀች ፍጥረት በስተርጅናዋ ልትባረር አይገባም ብለን እንመልሳለን። ጠቢቡ ሰሎሞንም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ቍጥር 10 ለእንስሳ ማሰብን ከጻድቅ ሰው ምልክት ቈጥሮታል። የልጅን እንጀራ ለድመት ስጡ አንልም፤ ሰው ከእንስሳ ይበልጣልና። ነገር ግን ንጹሕ ውሃ፥ ለስላሳ ምግብና ሙቅ ማዕዘን ማንንም አያደኸይም፤ የተቻለውም ለሐኪም ያሳያት። ጥቅም እስካገኘ ድረስ ብቻ መራራትን የለመደ ልብ፥ አባቱ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ሌላ ልብ አይሆንለትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።