መምሰል ወይስ መረዳት? ቴአትር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ቴአትር እንደ ሒሳብና እንደ ታሪክ ራሱን የቻለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሆኖ ሊሰጥ ይገባል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የገንዘብና የጊዜ ተቃውሞ ነው። ከዚህ ጠለቅ ያለው ግን የሥነ ምግባር ተቃውሞ ነው። ትምህርት ቤት ወጣቱን እውነት መናገር ሊያስተምረው ሲገባ፣ ያልሆነውን እንዲመስል፣ ያላመነበትን ቃል እንዲናገር ያሠለጥነዋል፤ ይህንም አሳምሮ ሲፈጽም ማርክ ይሰጠዋል። ታዲያ ይህ አስመሳይነትን ማስተማር አይደለምን?

ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በአማርኛ «አስመሳይ» መባል ስድብ ነው። መልሱን ለመሻት ቴአትር በእርግጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሆነበትን አገር መመልከት ይጠቅማል።

በደቡብ አፍሪካ የድራማ ጥበብ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በምርጫ የሚወሰድ ትምህርት ነው። ተማሪው በጽሑፍም፣ በመድረክም ይፈተናል። ለጥናት ከቀረቡት ተውኔቶች አንዱ ፐርሲ ምትዋ፣ ምቦንጌኒ ንጌማና ባርኒ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1981 ለመድረክ ያበቁት «ዎዛ አልበርት!» ነው። ክርስቶስ በአፓርታይድ ዘመን ወደዚያች አገር ቢመጣ ምን ይገጥመው ነበር የሚለውን ያሳያል። ሁለት ተዋንያን ብቻ ባዶ ሊባል በሚችል መድረክ ላይ እስረኛውንም፣ ጸጉር አስተካካዩንም፣ የጡብ ሠራተኛውንም ይሆናሉ። ነጩን ባለሥልጣን ለመሆን የሚያስፈልጋቸው በአፍንጫቸው ላይ የሚያኖሯት ሮዝ ቀለም ያላት ሰው ሠራሽ አፍንጫ ናት።

አፓርታይድ እ.ኤ.አ. በ1994 ካከተመ በኋላ የተወለደ ተማሪ ይህን ተውኔት ሲያጠና፣ ምናልባት አያቶቹን የይለፍ ወረቀት ይጠይቅ የነበረውን ፖሊስ ቃል በገዛ አንደበቱ ይናገራል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፖሊሱን በጥላቻ ብቻ ከተጫወተው፣ በመድረክ ላይ የሚታየው የተጫዋቹ ቁጣ እንጂ ፖሊሱ አይሆንም። ያ ሰው ማንን ይፈራ እንደነበር፣ ሕሊናውን በምን ያባብል እንደነበር መመርመር ግድ ይሆንበታል። ክፋትን ከውስጡ ማወቅ ክፋትን ማጽደቅ አይደለም። ይልቁንም ጨካኙን ከሰው ዘር ውጭ አድርጎ የሚያይ ወጣት፣ በራሱ ልብ የሚበቅለውን ጭካኔ ሳያውቀው ይቀራል።

ተዋናይና አስመሳይ የሚለያዩትም በዚህ ነው። አስመሳይ ጭምብሉን ይደብቃል፤ ተዋናይ ግን አፍንጫዋን በተመልካች ፊት ያጠልቃታል፤ በተመልካች ፊት ያወልቃታል። የሚታለል የለም። ሁሉም አውቆ ገብቶበታል።

ሆኖም አደጋው ጨርሶ ተወግዷል ማለት አይቻልም። አደጋው ያለው በትወናው ሳይሆን በምዘናው ነው። መምህሩ እንባን የሚመዝን ከሆነ ተማሪው እንባን ያመርታል፤ ያን ጊዜ ነቃፊዎች የሚፈሩት አስመሳይነት በእርግጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሊመዘን የሚገባው የስሜቱ ብዛት ሳይሆን፣ ተማሪው የመረጠውን አቀራረብ ለምን እንደመረጠ ማስረዳቱ፣ አብሮት የሚጫወተውን ጓደኛውን በእርግጥ መስማቱ፣ መብራት የያዘውና ልብስ የሰፋው ተማሪም ድርሻ መታወቁ ነው። የግል ቁስሉን ለማርክ ሲል እንዲገልጥ የሚገደድ ወጣትም ሊኖር አይገባም።

ነገሩ ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ አይደለም። ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበሩ፤ የአማርኛ ተውኔት ገና በጅምር ሳለ በትምህርት ቤት ተማሪዎች ይቀርብ ነበር። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱም፣ ባለሥልጣናት ተውኔትን ባዶ ጨዋታ አድርገው እንዳልቆጠሩት ይመሰክራል።

ቴአትር ከሚማሩት መካከል ተዋናይ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ዳኛ፣ ሐኪም፣ መምህር፣ ጎረቤት የሚሆኑት ግን ብዙዎች ናቸው። ዳኛ የተከሳሹን ቃል ሳያጣምም መድገም ካልቻለ እንዴት ይፈርዳል? የማይስማሙበትን ሰው ቃል በታማኝነት መናገር፣ ከዚያም ወደ ራስ ተመልሶ መፍረድ፤ ቴአትር በትምህርት ቤት ይህን ካስተማረ፣ ያስተማረው ውሸትን ሳይሆን ፍትሕን ነው።